ሽልንግ ለጨዋታ፣ ሺህ ብር ለውርርድ

ሃምሳ ሳንቲም ዕቃ ይገዛ በነበረበት ዘመን፣ ከፍኖተ ሰላም ገበያ እስከ ቡሬ መናኸሪያ፣ «ሃምሳ ሳንቲም» ብሎ የሚጠራት ሰው ብዙ አልነበረም። ሽልንግ ነበረች። ሃያ አምስቷ ስሙኒ፣ ሃምሳዋ ሽልንግ። ስሙ የእንግሊዝ ነው። ጣሊያን በ1933 ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው መጡ። በ1937 ሐምሌ ላይ አገሪቱ የራሷን ብር ስታወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ግማሽ ብር አንድ ሽልንግ ሆነ ማለት ነው። እንግሊዝ ሽልንጉን ይዞ ሄደ፤ ስሙ ግን እስከ ገጠር ወርዶ፣ ሳንቲሟ ላይ ተለጥፎ ቀረ። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ዛሬም «ሽልንግ» ይላሉ፤ የሚገዙባት ነገር ባይኖርም።

እንግሊዞች ግን ሽልንጋቸውን ለመገበያየት ብቻ አልነበረም የሚጠቀሙበት። መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በመዳፋቸው እየገፉ ይጫወቱበት ነበር። ከ450 ዓመት በላይ በፊት በንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን የተመታው ሽልንግ ለስላሳና ሰፊ ስለነበር ለዚህ ጨዋታ ተመራጭ ነበር። ሼክስፒር ስለ ዊንዘር ከተማ ሚስቶች በጻፈው አስቂኝ ተውኔት ውስጥ አንድ የዋህ ሰው ከኪሱ ተሰረቅሁ ብሎ ሲያለቅስ፣ ከተሰረቁበት መሀል እነዚህ የመንሸራተቻ ሽልንጎች ይገኙበታል። እያንዳንዳቸውን የገዛቸው በሁለት ሽልንግ ከሁለት ፔኒ ነው። አንድ ሽልንግ ከሁለት ሽልንግ በላይ ተሸጠ! ሳንቲም ከዋጋዋ በላይ የምትከብርበት አንድ ቦታ ቢኖር የጨዋታ ሰሌዳ ላይ ነው።

ጨዋታው ዘመን እየተሻገረ ሳንቲሙን ለወጠ። መጀመሪያ ግሮት በምትባል ትንሽ የብር ሳንቲም፣ ቀጥሎ በሽልንግ፣ በመጨረሻ በግማሽ ፔኒ። አሁን የሚታወቀው በግማሽ ፔኒ ስም ነው። አጨዋወቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሰሌዳው ከጠንካራ እንጨት ወይም ከጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ይሠራል። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 40 የማይሞላ ነው። በላዩ ላይ በአግድም የተሰመሩ መስመሮች ዘጠኝ ጠባብ መደቦች ይሠራሉ። (እንግሊዞቹ «አልጋ» ይሏቸዋል፤ ጎጃም ቤት ውስጥ ግን ሰው የሚቀመጥበትም የሚተኛበትም መደብ ስለሆነ መደብ ቢባሉ ይሻላል።) የአንዱ መደብ ስፋት ከሳንቲሙ ስፋት በጥቂት ብቻ ይበልጣል። ተጫዋቹ አምስት ሳንቲም አለው። ሳንቲሙን ከሰሌዳው ጫፍ ትንሽ አስወጥቶ ያስቀምጥና በመዳፉ ሥር ይገፋዋል። ሳንቲሙ ተንሸራትቶ በሁለት መስመር መሀል፣ መስመሩን ሳይነካ ካረፈ ተቆጠረ። መስመር ከነካ አልተቆጠረም። በእያንዳንዱ መደብ ሦስት ሦስት ሳንቲም ቀድሞ ያሳረፈ ያሸንፋል፤ ዘጠኝ ጊዜ ሦስት፣ ሃያ ሰባት መሆኑ ነው። ውጤቱ በሰሌዳው ግራና ቀኝ ጠርዝ በጠመኔ ይጻፋል፣ ሁሉም እያየው።

አሁን ደግሞ ብልሃቱ። ሦስቱን በሞላህበት መደብ አራተኛ ሳንቲም ካሳረፍክ ነጥቡ የተቃራኒህ ነው። ከድርሻህ በላይ የወሰድከው ለባላጋራህ ይሰጣል። ግን ደግሞ ማሸነፊያዋን የመጨረሻ ነጥብ በስጦታ መቀበል አይቻልም፤ ራስህ ገፍተህ ማምጣት አለብህ። እነዚህን ሁለት ሕጎች የመጠጥ ቤት ሰዎች ማውጣታቸው ይገርማል። ብዙ ምክር ቤት ተሰብስቦ የሚያወጣው ሕግ እንኳ እንዲህ አይስተካከልም።

ይህ ጨዋታ ግን በሕግ ታግዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1541 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ባወጣው ሕግ ሳንቲም ማንሸራተት ከዳይስ፣ ከካርታና ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር «ሕገ ወጥ» ተባለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ወጣቱ ቀስት መወርወር ትቶ መጠጥ ቤት ተቀመጠ፤ ጦርነት ቢመጣ ማን ይዋጋል? ሕጉ የታለመው ደግሞ በሁሉም ሰው ላይ አልነበረም። በገበሬው፣ በእጅ ባለሙያው፣ በቀን ሠራተኛው፣ በአሽከሩና በሙያ ተለማማጁ ላይ ነበር። ባለርስቱ ፈቃድ ነበረው። ንጉሡ ራሱማ ምን ይጠየቃል! ሕጉ ከመውጣቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዘጠኝ ፓውንድ በዚሁ ዓይነት የሰሌዳ ጨዋታ ለአንድ መኳንንት መበላቱ በግል ወጪው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ ዘመን ዘጠኝ ፓውንድ ከአንድ ተራ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ በላይ ነበር። ንጉሡ ዘጠኝ ፓውንድ ሲበላ ጨዋታ ነው፤ አሽከሩ አንድ ግሮት ሲበላ ወንጀል ነው።

ሆኖም ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር። አሽከርና ሠራተኛ በገና ሰሞን፣ በጌታው ቤት፣ መጫወት ይችላል።

ይህን የሚያነብ የጎጃም ሰው መሳቁ አይቀርም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ታኅሣሥ 29 ቀን በየሜዳው ጥንግ ሲመታ፣ የባላገሩ ልጅ የጌታውን ልጅ ቅልጥም በገና ዱላ ቢመታው ክስ የለም፣ ቂም የለም። ሁለት አገሮች፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንዱ በዓል ቀን የጌታና የሎሌን ነገር ለጥቂት ሰዓት አነሡት። ልዩነቱ፣ እነሱ በሕግ ጻፉት፤ እኛ በአባባል ያዝነው። የተጻፈው ሊሻር ይችላል፤ ተሽሯልም። በጨዋታ ላይ የነበረው የሄንሪ እገዳ ችሎታ በሚጠይቁት ጨዋታዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1845 ተነሣ። በአባባል የተያዘው ደግሞ የሚሽረው የለም፤ ግን ጨዋታው ራሱ እየጠፋ አባባሉ ብቻውን ይቀራል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የግማሽ ፔኒ ሰሌዳ የለም። ዘመዶቹ ግን ሞልተዋል። ሰኞ ማክሰኞን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሴት ልጆች መሬት ላይ በከሰል ወይም በእንጨት ቤት ይሠራሉ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጥላሉ፣ በአንድ እግር እየዘለሉ ድንጋዩን በእግራቸው ጫፍ ከቤት ወደ ቤት ይገፋሉ። ድንጋዩ መስመር ላይ ካረፈ ተቃጠለች፤ ተራው የሌላዋ ነው። ከእንግሊዙ ሰሌዳ ጋር ያለው ልዩነት እጅና እግር ብቻ ነው። የወንዶቹ ደግሞ ቆርኪና ብይ ነው። መስመር ተሰምሮ፣ ቆርኪ እየተወረወረ፣ ለመስመሩ የቀረበው ይበላል። አንዳንዴ በቆርኪው ፈንታ ሳንቲም ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሠፈር ሽማግሌ ከየት መጣ ሳይባል ይደርሳል፣ «ቁማርተኛ!» ይባላል፣ ሁሉም ይበተናል። ቆርኪ ሲሆን ልጅነት፣ ሳንቲም ሲሆን ቁማር። የሄንሪ ሕግ በጎጃም ሠፈር ውስጥ ያለ ወረቀት ይሠራል።

ትልልቆቹ ዘንድ ዳማ አለ፤ ቆርኪው አንዱ ወገን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው። ገበጣ አለ፤ በተለይ ገጠር ውስጥ እረኛው መሬት ቆፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ የሚጫወተው። ጆተኒ አለ፤ ስሙ ሳይቀር ሳንቲም ነው፤ ጣሊያኖች ማሽን ውስጥ ለሚከቷት ምትክ ሳንቲም ከሰጡት «ጀቶኔ» ከሚለው ቃል የመጣ ይመስላል። ከረንቡላና ፑል ደግሞ ከተማው ውስጥ ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው አንድ ግስ ነው፤ «መብላት»። ጨዋታ ውስጥ ማሸነፍ መብላት ነው፣ መሸነፍ መበላት። «በላሁህ» ሲባል ማንም አይደነግጥም። ግን ይህ ግስ ሁለት ፊት አለው፤ የትኛው ፊት እንደሚታይ የሚወስነው የሚበላው ማን እንደሆነና የተበላው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ፊት ከተነሣ፣ ዕጣ ሲጣል የሚባለው «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ነው። ዘውዱ የንጉሡ ምስል፣ ጎፈሩ የአንበሳው። ደርግ በ1969 ያወጣው ሳንቲም ላይ ዘውድ የለም። የአንበሳ ራስ አለ፤ በጀርባው አራሽ ከበሬዎቹ ጋር፣ ወይም ጠመንጃ የያዘ ሚሊሺያ፣ ወይም የደጋ አጋዘን፣ ወይም እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት። ዘውዱ ከሳንቲሙ ላይ ወርዶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሕፃናት አፍ ላይ ግን አልወረደም። በ1995 የተወለደ ልጅ፣ ዘውድ አይቶ የማያውቅ፣ ዘውድ ይላል። ጨዋታ ከመንግሥታት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው የሚባለው ለዚህ ነው። ቋንቋውም እንዲሁ። ሰው ገንዘብ የለኝም ለማለት «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል፣ «ድንቡሎ የለኝም» ይላል፤ ቤሳም ድንቡሎም በእጁ ይዞ አያውቅም። የማርትሬዛ ብር ጎጃም ውስጥ ጠገራ ተብላ፣ አሞሌ ጨው እየተመነዘረባት፣ በባሶ ገበያ ስትዞር ኖራለች። ገበሬው የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥቦች ሳይቆጥር አይቀበላትም ነበር። ምኒልክ በ1887 የራሳቸውን ብር ቢያወጡም ገጠሩ ለረጅም ጊዜ ጠገራውን አልለቀቀም። ሳንቲም ለዚህ አገር ሰው የሚዳሰስ፣ የሚታይ፣ የሚፈተን ነገር ነበረች።

ጨዋታዎቹን የጻፈልን ማን ነው? ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1929 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ጎጃምንም አይቷል። ከዚያ በ1935 ፓሪስ ውስጥ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አወጣ። አንዱ ፈረንሳዊ፣ አንዱ ትውልደ እንግሊዝ። የምዕራብ ጎጃም ልጅ የአያቱን ገበጣ ሕግ ማወቅ ቢፈልግ፣ ያያቱ ቤት ሳይሆን የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ይቀርበዋል። ከገበሬው ቤት ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ተመልሶ በስልክ።

እና ያ ስልክ ላይ ምን ይጠብቀዋል? ውርርድ።

የስፖርት ውርርድ በብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ ገብቶ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባን፣ ከዚያ የክልል ከተሞችን አዳረሰ። አዲስ አበባ ላይ የከተማው አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን በዘመቻ መዝጋቱ ይታወሳል። ቤቱ ሲዘጋ ግን ውርርዱ ኪስ ውስጥ ገባ፤ በስልክ ሆነ። ስልክ ያለበት ሁሉ የውርርድ ቤት ነው፤ የቡሬ ልጅም፣ የማንኩሳ ልጅም። ልጁ ስሟን በቅጡ መጥራት የማይችላት የአውሮፓ ከተማ ቡድን ማዕዘን ምት ስንት ጊዜ ትመታለች በሚለው ላይ የአባቱን የበርበሬ ገንዘብ ያስይዛል። አውጡን ተሸክሞ ገበያ የወሰደውን በርበሬ!

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ሁለቱም ገንዘብ ይያዝባቸዋል። ሁለቱም ላይ ሰው ይበላል። ግን ሳንቲም የሚገፋው ሰው ተቃራኒው ፊቱ ተቀምጧል። ስሙን ያውቀዋል፣ አባቱን ያውቀዋል፣ ምናልባት ጡት አባቱ ነው። ሲበላው ያፍራል፤ አብዝቶ ሲበላው ደግሞ ጥዋ ይቀዳለታል። የተበላው ሽልንግ እዚያው ቤት ይቀራል፤ ወደ ጠላ ጠማቂዋ ይሄዳል፣ ከእሷ ወደ ጌሾ ሻጯ፣ ከጌሾ ሻጯ ወደ ገበያ። ሰው አቅሙን ያየዋል፤ ኪሱ ውስጥ አምስት ሳንቲም አለው፣ አምስቱ ሲያልቅ ያልቃል። ስልኩ ውስጥ ያለው ተቃራኒ ግን ፊት የለውም። አያፍርም፣ አይራራም፣ «ይብቃህ ልጄ፣ ነገ ትመጣለህ» አይልም። እንዲያውም በሌሊት መልእክት ይልካል። የተበላውም ብር ጎጃም አያድርም።

እንግሊዞቹም ይህንኑ መንገድ ሄደውበታል፤ ዕዳውንም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የውርርድና የቁማር ሕግ የውርርድ ሱቆችን ፈቀደ፤ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ ሱቆቹ ተከፈቱ። ያው ሕግ መጠጥ ቤቶች ውስጥ የሳንቲም መዋጫ ማሽን እንዲቆም መንገድ ከፈተ። በሰሌዳ ላይ ትንሸራተት የነበረችው ሳንቲም በቀዳዳ ውስጥ ትወርድ ጀመር። ለባለ መጠጥ ቤቱ ማሽኑ ገቢ ነው፤ ሰሌዳው ቦታ የሚይዝ እንጨት ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ከዚያ ጓዳ ገባ። አሮጌው ግማሽ ፔኒም እ.ኤ.አ. በ1969 ከገንዘብነት ተሰረዘ። ዛሬ ጨዋታው በጥቂት መጠጥ ቤቶችና በጥቂት የውድድር ማኅበራት ይኖራል፤ አሮጌ ሰሌዳ የዕቃ ሰብሳቢ ሀብት ሆኗል። ለማዘን ዘገዩ ባይባልም ዘግይተዋል።

ጎጃም ግን ከዚያ የከፋ ነገር አለበት። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ መንገዱም ሰላሙም የሉም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ከተማዋ መሀል በደረሰ ፍንዳታ ሰላማዊ ሰዎች ማለቃቸው ተዘግቧል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። አራት ሚሊዮን! ይህ ቁጥር ላይ ቆም ሳይባል ስለ ጨዋታ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። «ሰው እየሞተ ስለ ቆርኪ ታወራለህ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ ግን እነዚያ ልጆች ቀኑን ሙሉ የት እንደሚውሉ ከማየት ይጀምራል። የት ይውላሉ? ግቢ ውስጥ፣ በር ላይ፣ መንገድ ዳር። ሰባት ዓመት የሆነው ቆርኪ ይጫወታል፤ ስምንት ዓመት የሆናት ሰኞ ማክሰኞ። መቁጠር የሚማሩት፣ ተራ መጠበቅ የሚማሩት፣ «መስመር ነክቷል፣ አልነካም» ብለው ተከራክረው ሳይደባደቡ መስማማት የሚማሩት እዚያ ነው። ክፍል ሲዘጋ የቀረው ትምህርት ቤት ያ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ግን ቆርኪ አይጫወትም፤ ያፍራል። ለእሱ የተዘጋጀ ነገር የለም፤ ወይ ስልኩ፣ ወይ አረቄው፣ ወይ ጠመንጃው። በልጅ ጨዋታና በጠመንጃ መሀል ያለው ክፍት ቦታ ላይ ማን ነው ያለው? ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ የገባው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

ሌላው ተቃውሞ ከሽማግሌዎች ይመጣል፤ ይሄኛውን ማቃለል አይቻልም። መጠጥ ባለበት ጨዋታ ጠብ ያመጣል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ጠብ በቡጢ አያበቃም። ጠላ ቤት ውስጥ በአንድ ቃል የተጀመረ ነገር በጥይት አልቆ፣ ደም ለመመለስ ሁለት ትውልድ ሲፈላለግ የኖረበት አገር ነው። አንድ ሰው መስመሩን ነክቷል አልነካም በሚል ሽልንግ ምክንያት መሞት የለበትም። እውነት ነው። ግን ጠቡን የሚያመጣው የትኛው ነው? ሕግ የሌለው ጨዋታ። ካርታ ከጠረጴዛ ሥር ሲጫወቱት፣ ውጤቱ በቃል ሲያዝ፣ ዳኛ ሳይኖር። የእንግሊዙ ሰሌዳ ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ውጤቱ በጠመኔ፣ በሰሌዳው ጠርዝ፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይጻፋል። ሰው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከመስመሩ ጋር ነው የሚጣላው። ዳኝነቱንም ለማን መስጠት እንደሚቻል ጎጃም ያውቃል፤ ጠላ ጠማቂዋ አለች። በቤቷ ውስጥ ማን ይበቃዋል፣ ማን ይቀዳለት፣ ማን ይውጣ የምትለው እሷ ናት፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው እንኳ «እሺ እትዬ» ብሎ ይወጣል። ይህን ሥልጣን ያለ ደመወዝ ስትሠራበት የኖረች ሴት የሳንቲም መስመር ማየት አያቅታትም።

ቤተ ክህነትስ? ቁማርን ታወግዛለች፤ ትክክል ነች። ግን ካህኑም ቢሆን በገና ቀን ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ታይቷል። ገንዘብ ሳይያዝበት መጫወትም ይቻላል፤ ማስያዣው አንድ ብርሌ ወይም አንድ ጣሳ ሊሆን ይችላል፤ ለጾመኛው አንድ ብርጭቆ ሻይ። ዋናው መግፋቱ ነው።

የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠየቃል። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን የሚመለከተውን የዩኔስኮ ስምምነት ከተቀበለች 20 ዓመት ገደማ ሆናት። መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀትና የሐረሪ ሹዋሊድ ተመዝግበዋል። ደስ ይላል፣ ይገባቸዋል። ግን ቅርስ ማለት ሕዝብ የሚሰበሰብበት ትልቅ በዓል ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ካሜራ የሚቀርጸው። የጃቢ ጠህናን እረኛ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚጫወተው ገበጣ፣ ከወንበርማው በምን ይለያል? ቡሬ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንት ቤት አለው? ይህን ለመጻፍ ዩኔስኮ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ ሥራ ፈት መምህር ይበቃል። ሥራ ፈት መምህር ደግሞ፣ ያሳዝናል እንጂ፣ በዚህ ዘመን አይጠፋም።

ሰሌዳውን ስለመሥራት ከሆነ፣ ያገሩ አናጢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ዋንዛ ካለ በዋንዛ፣ ከሌለ በባሕር ዛፍ ጣውላ፤ ላዩ በደንብ መላግ አለበት፣ መስመሮቹ በቢላ ጫፍ በስሱ መቆረጥ አለባቸው። አስቸጋሪው ሳንቲሙ ነው። ሽልንጓ ጠፍታለች፤ ያለችውም በየቤቱ ማሰሮ ውስጥ ነው። በ2002 የወጣው ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር ይሻላል የሚል ይኖራል፣ ክብደት አለው። እንግሊዞቹ የሳንቲሙን አንድ ፊት ሞርደው ያለሰልሱት ነበር፤ እዚህ ግን አንበሳውን መሞረድ ማንም ደስ አይለውም፣ ባንክም አይወድም።

ስለዚህ ቆርኪ ይቀራል። ቆርኪ ብቻውን ቀላል ነው፤ ሲገፉት ይዘላል፣ ይገለበጣል። ክብደት ይፈልጋል። ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው፤ ጠጅ ሲጣል ሰፈፉ ይተርፋል። ሰፈፉን አቅልጦ፣ ሰሙን አጥልሎ፣ ቆርኪውን በጀርባው አስተኝቶ እስከ አፉ መሙላት፤ ከዚያ እስኪረጋ መጠበቅ። ሲረጋ ይገለበጣል፣ የሰሙ ፊት ወደ ታች፣ የቢራው ስም ወደ ላይ። በተላገ ጣውላ ላይ በመዳፍ ሥር ሲነካ ይሄዳል፤ ብዙ ከነኩት ደግሞ ከሰሌዳው አልፎ አመዱ ውስጥ ይገባል። ለመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አመድ ውስጥ ነው የሚከተው።